ፋሚሊ ሊንክ፦ የልጄን ስልክ በግልጽ የምከታተልበት አፕ

ፋሚሊ ሊንክ የጉግል አፕ ነው። ነፃ ነው። ወላጅ የልጁን ስልክ እንዲከታተል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ነው። ልጄ ስልክ ላይ ከጫንኩት ከዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ወድጄዋለሁ። የወደድኩት ደግሞ ብዙ ወላጅ እንደ ጉድለት በሚቆጥርበት ነገር ነው። የልጄን መልእክት አያስነብበኝም። ስልክ ስታወራ አያሰማኝም። ካሜራዋን አይከፍትልኝም። እሷ ሳታውቅ በስልኳ ላይ የማደርገው ነገር የለም።

መጀመሪያ ግን ለምን ስልክ እንደሰጠኋት ልናገር። የ11 ዓመት ልጅ ስልክ ምን ያደርግላታል የሚል አይጠፋም። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። የምሠራው መገናኛ አካባቢ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ነው። ጠዋት ሳይነጋ እወጣለሁ። ማታ የታክሲው ሰልፍና የአያት መንገድ ካልቀናኝ ቤት የምገባው 2 ሰዓት ነው። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ልጄ ሶልያና ከትምህርት ቤት የምትመለሰው 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እኔ እስክደርስ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ትቆያለች፤ እሱ ጥናት ባለበት ቀን ደግሞ ብቻዋን ናት። ከተማው ዳር የሚኖር ወላጅ ይህን ያውቀዋል። ቤቱ የደረሰን እዚህ ነው፣ ሥራው ያለው እዚያ ነው፣ ልጅ መሃል ላይ ይቀራል። ስለዚህ ስልኩ ለእኛ ቅንጦት አይደለም።

ስልኩ አባቷ ሲጠቀምበት የነበረ ቴክኖ ነው። ስክሪኑ ተሰንጥቆ ስለነበር አያት አካባቢ ወዳለ አንድ የሞባይል ሱቅ ወሰድኩት። ለልጄ እንደሆነ ስነግረው ባለሙያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናት፣ የማይታይ አፕ አለኝ፣ ልጫንልሽ? ቴሌግራሟን ከነፎቶው አንቺ ስልክ ላይ ታገኚዋለሽ። የምታወራውንም ይቀዳልሻል» አለኝ። ዋጋው 1500 ብር ነው። ምልክት የለውም፣ ልጅቷ በፍጹም አታውቅም እያለ ደጋግሞ አስረዳኝ። ቀጥሎም «ለባልሽም ይሠራል» አለኝ። ስልኩን ተቀብዬ ወጣሁ። ስክሪኑን ሌላ ቦታ አስቀየርኩ።

ያ የሱቅ ልጅ ክፉ ሰው አይመስለኝም። የሚሸጠው የሚጠይቀው ሰው ስላለ ነው። ግን ያቀረበልኝ ነገር ምን እንደሆነ በደንብ መታወቅ አለበት።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የማንኛውም ሰው የግል ሕይወት የተጠበቀ ነው ይላል። የሚጻጻፈውም ሆነ በስልክ የሚነጋገረው አይደፈርም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ዝርዝሩን አስቀምጦታል። ያለ ፈቃድ ሰው ስልክ ውስጥ መግባት በአንቀጽ 3 እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ያስቀጣል። ግንኙነቱን መጥለፍ፣ ማለትም ሲያወራና ሲጻጻፍ መሃል ገብቶ መቅዳት፣ በአንቀጽ 4 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። አዋጁ ኮምፒውተር የሚለው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ብቻ አይደለም፤ እጃችን ላይ ያለውም ስልክ በዚያው ውስጥ ይገባል። «ባሌ ነው»፣ «ሚስቴ ናት» ማለት ፈቃድ ማግኘት አይደለም። ትዳር የስልክ ቁልፍ አያስረክብም።

ልጅ ሲሆን ነገሩ ይለያል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ አካለ መጠን አላደረሰም፤ አሳዳሪና ሞግዚቱ ወላጆቹ ናቸው። የመከታተል መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም አለብን። እኔ ግን መብቴ የት ድረስ ነው ከሚለው ይልቅ ልጄ ስታውቅ ምን ይሰማታል የሚለው ነው የበለጠ የሚያስጨንቀኝ። በድብቅ የተጫነ ነገር አንድ ቀን ይገኛል። ያን ቀን ካገኘችው በኋላ ችግር ሲገጥማት ወደ እኔ ትመጣለች?

ሌላው ነገር የመረጃው መድረሻ ነው። የድብቅ አፕ የሚሰበስበው ፎቶና መልእክት በቀጥታ ወደ እኔ ስልክ አይመጣም። መጀመሪያ የማላውቀው ኩባንያ ሰርቨር ላይ ያርፋል። ስፓይፎን የሚባል እንዲህ ዓይነት አገልግሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ሰርቨሩ ተሰብሮ የ2,200 ያህል ሰዎች መረጃ ተወሰደ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. መስከረም 2021 ላይ ኩባንያውንም ሥራ አስኪያጁንም ከዚህ ሥራ አገዳቸው፤ በድብቅ የሰበሰቡትንም እንዲያጠፉ አዘዘ። የልጄ ፎቶ እንደዚያ ዓይነት ቦታ ተቀምጦ እንዲያድር አልፈልግም። ጉግል ራሱም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሰው ሳያውቅ የሚሰልሉ አፖችን ከፕሌይ ስቶር ከልክሏል። የወላጅ መቆጣጠሪያ እንኳ ቢሆን ስልኩ ላይ ራሱን መደበቅ አይፈቀድለትም። የሱቁ አፕ ከፕሌይ ስቶር ውጪ የሚጫነው ለዚህ ነው። እንዲሠራም ፕሌይ ፕሮቴክት የሚባለውን የስልኩን ጥበቃ ያጠፉታል። በዚያ ጊዜ ስልኩ ለሌላ ቫይረስም ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ወደ ፋሚሊ ሊንክ ልመለስ። አጫጫኑ ከባድ አይደለም፤ ግን እኛ አገር ብቻ የሚያጋጥሙ ነገሮች አሉበት፤ እነሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የመጀመሪያው ጂሜይል ነው። እኛ ጋ ስልክ ስንገዛ ጂሜይሉን የሚከፍትልን ብዙ ጊዜ የሱቁ ልጅ ነው። ፓስወርዱን እሱ ያውቀዋል፣ እኛ አናውቀውም። የቆየ ስልክ ለልጅ ስትሰጡ ደግሞ የአባትየው አካውንት፣ ፎቶና ቴሌግራም አብሮ ይተላለፋል። እንዲህ ባለ ስልክ ላይ ምንም መቆጣጠሪያ አትጫኑ። መጀመሪያ አካውንቶቹን በሥርዓት አውጡ፤ ከዚያ ስልኩን ወደ ፋብሪካ ይዘቱ መልሱትና ለልጁ የራሱን አካውንት በፋሚሊ ሊንክ በኩል ክፈቱ።

ሁለተኛው የልደት ቀን ነው። ይህን ሳትጠነቀቁ ብትሞሉት ሁሉም ነገር ይበላሻል። ጉግል የሚፈልገው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሶልያና የተወለደችው በ2007 ዓ.ም. ነው። 2007 ብዬ ብሞላው ጉግል አዋቂ ናት ብሎ ይቀበላል፤ የልጅ ጥበቃው በሙሉ ይቀራል፣ ዩቲዩቡም ፕሌይ ስቶሩም የትልቅ ሰው ሆኖ ይከፈታል። የልደት ካርዱን አውጥታችሁ ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር በትክክል ቀይሩ።

ሰዓቱም እንደዚያው ነው። የእንቅልፍ ሰዓት ስትሞሉ በሀበሻ ሰዓት አታስቡ። ማታ 3 ሰዓት ማለት አፑ ላይ 9፡00 ፒኤም ነው። 3፡00 ፒኤም ብላችሁ ከተዋችሁት ስልኩ ቀን በ9 ሰዓት ይቆለፋል፤ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ልትወጣ ስትል ማለት ነው።

ይህ ከተስተካከለ በኋላ የሚሠራውን ሥራ በደንብ ይሠራል። ለሶልያና በትምህርት ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ሰጥቻታለሁ። ሲያልቅ ስልኩ ይቆለፋል። ተቆልፎም ግን የሚደወልላትን ጥሪ ታነሳለች፤ ይህ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። መደወያውን «ሁልጊዜ የተፈቀደ» ውስጥ ስላስገባሁት ራሷም ትደውልልኛለች። ቤት ስትደርስ ትደውላለች። መብራት ሲጠፋ ትደውላለች። ቅዳሜ ደግሞ ከሥራ ሆኜም ተጨማሪ ደቂቃ እለቅላታለሁ። እኔ ዳታ ባይኖረኝ እንኳ የወላጅ ኮድ የሚባል ቁጥር አለ፤ እሱን በስልክ ስነግራት ይከፈትላታል።

አዲስ አፕ ከፕሌይ ስቶር ማውረድ ስትፈልግ ጥያቄው ወደ እኛ ይመጣል። «ወደ እኛ» ያልኩት አባቷም በወላጅነት ስለገባ ነው። ሚሌ ቆሞ ሻይ እየጠጣ ፈቅዶላት ያውቃል። ይህ ደስ ይለኛል። በመንገድ የሚኖር አባት ልጁን በማሳደግ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ ጥቂት ነው። ግን ልብ በሉ፣ ጥያቄው የሚመጣው ከፕሌይ ስቶር ለሚወርደው ነው። ጓደኛዋ በዜንደር አፕ ብትልክላትስ? ስልኩ ላይ ከፋብሪካ ተጭነው የሚመጡ ሌሎች የአፕ መደብሮችስ? እነሱን ከዝርዝሩ ውስጥ ፈልጌ አንድ በአንድ ከልክያቸዋለሁ። ካልታወቀ ምንጭ መጫን የሚለውም እንደተዘጋ ይቆይ።

በቀን የትኛው አፕ ላይ ስንት ደቂቃ እንደቆየች አያለሁ። በጉግል የፈለገችውንና በክሮም የጎበኘችውን ዝርዝር ግን አላይም። የማይገቡ ገጾችን ለማገድ ይሞክራል እንጂ ሁሉንም አያግድም። ጉግልም ፍጹም ነው አይልም። ለእኔ ይህ መጠን በቂ ነው። ቅዳሜ ዩቲዩብ ላይ ሦስት ሰዓት እንደሄደ ካየሁ ማታ ምን እያየሽ ነው ብዬ እጠይቃታለሁ። እሷም ታሳየኛለች። ብዙ ጊዜ ፀጉር አሠራር ነው።

ይህን ሁሉ ስጭን አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ስልኳ ላይ ወላጆችሽ ምን ማየት ይችላሉ የሚል ገጽ አለው፤ አብረን አነበብነው። «ቴሌግራሜን ታያለሽ?» አለችኝ። አላይም አልኳት። «የት እንዳለሁስ?» አያለሁ አልኳት፤ ለምን እንደሆነም ነገርኳት። ትንሽ ተከራከረች። አያቷ ቤት ሰሚት ስትሄድ ሰዓቱ እንዲራዘም ጠየቀች፤ ተስማማን። ሱቅ ውስጥ በ1500 ብር የሚሸጠው አፕ ይህን ንግግር ያሳጣችኋል። ትልቁ ጉዳቱ ለእኔ ይህ ነው።

አሁን የማይሠራውን ልናገር። ቦታ ማሳያው እዚህ ዳር ላይ ደካማ ነው። እንዲሠራ ስልኩ ክፍት መሆን አለበት፣ ዳታ መኖር አለበት፣ ሎኬሽን መከፈት አለበት። የዳታ ጥቅሏ ካለቀ ያለፈውን ቦታ ያሳየኛል፤ ከሥሩ የታየበት ሰዓት ይጻፋል። ያንን ሰዓት ሳያዩ ነጥቡን ብቻ አይቶ መደንገጥ አለ። መብራት በጠፋ ቀን ባትሪው ያልቅና ጭራሽ ዝም ይላል። ደግነቱ የባትሪዋን መጠን አብሮ ስለሚያሳየኝ ከሥራ ቦታ ሆኜ ቻርጅ አድርጊ እላታለሁ። ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ የትኛው ብሎክ፣ ስንተኛ ፎቅ እንዳለች አይለይም። ሰፈር ውስጥ ናት ማለት ይችላል፣ ከዚያ አያልፍም። ለአፑ ከ5 ኮከብ 4 ብቻ የምሰጠው ለዚህ ነው። ዳታዋ እንዳይቋረጥ ትንሽ ወርሃዊ ጥቅል እገዛላታለሁ፤ ይህን ወጪ ቀድማችሁ ቁጠሩት።

ትልቁ ክፍተት ቴሌግራም ነው። የክፍሏ መምህር ዎርክሺቱን የሚለቁት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። ስለዚህ ልዝጋው ብል አልችልም። ፋሚሊ ሊንክ ቴሌግራምን መዝጋት ወይም ደቂቃ መገደብ ይችላል፤ ውስጡ ማን እንደሚያናግራት አያውቅም። የማታውቀው ሰው «ሃይ ቆንጆ» ቢላት እኔ ጋ ምንም አይደርስም። እሱን የያዝነው በቴሌግራሙ በራሱ ሴቲንግ ነው። ስልክ ቁጥሯን ማንም እንዳያይ፣ ግሩፕ ውስጥ የሚያስገባትም የሚደውልላትም ኮንታክቷ ላይ ያለ ሰው ብቻ እንዲሆን አደረግን። የማታውቀው ሰው ከጻፈላት ሳትመልስ ታሳየኛለች። ደርሶብን ያውቃል። ራሷ አምጥታ አሳየችኝ፤ አብረን አገድነው፤ አልተቆጣኋትም። ቲክቶክን ግን አልፈቀድኩም፤ የራሱ ደንብ 13 ዓመት ነው የሚለው።

ታላቅ ወንድሟ ናትናኤል 15 ዓመቱ ነው። እሱ ስልክ ላይ ፋሚሊ ሊንክ የለም። ለታዳጊም መጫን ይቻላል፤ እኔ ግን ለእሱ አልመረጥኩትም። ከጥናት ሲመሽበት ቴሌግራም ላይ ላይቭ ሎኬሽን ለአንድ ሰዓት ይልክልኛል። ሲያልቅ ራሱ ይጠፋል። እኔም ማታ ታክሲ ስይዝ እልክለታለሁ። አስፋልቱ ጋ መጥቶ የሚቀበለኝ እሱ ስለሆነ ሰዓቴን ማወቅ አለበት። እንዲህ ሲሆን ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚሄድ ቁጥጥር መሆኑ ይቀርና የቤቱ ልማድ ይሆናል። ሶልያናም 13 ሲሞላት ጉግል ለእሷም ለእኛም ኢሜይል ይልካል፤ ያኔ ምን እንደሚቀጥልና ምን እንደሚቀር እንደገና እንነጋገራለን።

አይፎን ያላት ልጅ ካለቻችሁ ፋሚሊ ሊንክ አይሆናችሁም። የወላጁ ስልክ አይፎን ቢሆን ችግር የለውም፤ የልጁ ግን አንድሮይድ መሆን አለበት። ለአይፎን አፕል ስክሪን ታይም የሚባል የራሱ መቆጣጠሪያ አለው።

ይህን አፕ እንደምጠቀም ብሎካችን ውስጥ ከታወቀ ወዲህ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አንዲት ጎረቤቴ፣ ሕፃን ልጅ ያላት፣ «ለሠራተኛዬ ስልክም ጫኚልኝ፣ ቀን ከማን ጋር እንደምታወራ ልወቅ» አለችኝ። ጭንቀቷ ይገባኛል። ሕፃን ትተሽ ስትወጪ ልብ አያርፍም። ግን የጠየቀችኝ ነገር አይሆንም። ልጅቷ 20 ዓመት የሞላት ሰው ናት። ስልኩን የገዛችው በራሷ ደሞዝ ነው። የምታወራው ገጠር ካለች እናቷ ጋር ነው፣ ከጓደኞቿ ጋር ነው። ያንን መስማት ከላይ ያልኩት ወንጀል ነው፤ ወንጀል ባይሆን እንኳ ቤታችን ስለምትኖር ብቻ የግል ሕይወት የላትም ማለት ግፍ ነው። ሕፃኑን ማየት ከፈለግሽ ሳሎን ላይ ካሜራ አድርጊ፣ አለ ብለሽ ንገሪያት፣ የምትተኛበት ክፍል አታድርጊ አልኳት። ሕፃኑ ሲተኛ ስልክ ታውራ፣ ሲነቃ ታስቀምጥ የሚለውንም ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ አልኳት። መጀመሪያ ቅር አላት። በኋላ ግን ካሜራውን አስገባች፤ ለልጅቷም ነገረቻት።

ሌላ የብሎካችን ነዋሪ የባለቤቱን ስልክ በተመለከተ ጠይቆኛል። ለእሱ መልሴ አጭር ነበር፤ አላደርገውም፣ አንተም አታድርገው።

እንዲያውም ከዚያ በኋላ ለጎረቤቶቼ በብዛት የማሳየው የራስን ስልክ መፈተሽ ነው። ሰው የሚሰለልበት ቀላሉ መንገድ የተራቀቀ አፕ አይደለም። ስልኩ ለአፍታ እጅ ላይ ሲገባ ቴሌግራሙን በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር መክፈት ነው። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን ክፈቱ፤ የማታውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ ሌሎቹን ሁሉ አስወጡ። ዋትስአፕም ሊንክድ ዲቫይስስ የሚል አለው። ከዚያ ፕሌይ ስቶር ገብታችሁ ፕሌይ ፕሮቴክት መከፈቱን እዩና ስካን አድርጉ፤ ሳታጠፉት ጠፍቶ ካገኛችሁት ጠርጥሩ። ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለው ላይና የዲቫይስ አድሚን ዝርዝር ላይ የማታውቁት ስም ካለ ማን እንዳስገባው ጠይቁ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ቤት ውስጥ የምትፈሩት ሰው ካለ ያገኛችሁትን ወዲያው አታጥፉት። ያጠፋችሁት እንደሆነ ሰውዬው ያውቃል። መጀመሪያ በሌላ ሰው ስልክ ለምታምኑት ዘመድ ደውሉ፣ ያያችሁትን በሌላ ስልክ ፎቶ አንሱት፣ ከዚያ ወደ ፖሊስ ሂዱ።